አባቱን ያዘለው ቤራርዶ

ሮካሜላ በምትባል የተራራ መንደር ውስጥ ሰው በክርስትና ስሙ የሚጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲጠመቅና ሲቀበር። በመሃል ያለውን ዕድሜውን የሚኖረው መንደሩ ባወጣለት ቅጽል ስም ነው። አንዱ ሰባት ኮት ይባላል፤ አንዷ ድመት አሳዳጅ ትባላለች፤ የቤራርዶ ደግሞ አዛዩ ነው። ይህን ስም ያገኘው ሰው አዝሎ ታይቶ እንዳይመስላችሁ። ቤራርዶ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውራጃውን መንገድ ሲጠግንና በበረዶው ወራት በረዶ ሲጠርግ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከአካፋ የከበደ ነገር ትከሻው ላይ ሲያወጣ ያየው የለም። አዛዩ የተባለው በግጥም ነው።

ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አንድ የሮማ ባለቅኔ በላቲን የጻፈው ታላቅ ታሪክ አለ። ከተማው በጠላት እሳት ሲነድ አንድ ጀግና ሽማግሌ አባቱን በጀርባው አዝሎ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ ያመልጣል። አባትየው የቤቱን ጣዖታት እቅፉ ውስጥ ይይዛል። ሚስትየው ከኋላ ትከተላለች፤ ከዚያ ትጠፋለች። ሮካሜላ ውስጥ ላቲን የሚችል ሰው የለም፤ ቄሱ እችላለሁ ይላሉ፤ ማንም ግን ፈትኗቸው አያውቅም። ታሪኩን ግን ሁሉም እንደ ጎረቤት ወሬ ያውቀዋል። ወደ መንደሩ የገባው በበቅሎ ኮርቻ ከረጢት ነው። የቤራርዶ ቅድመ አያት በጎቹን ወደ ቆላ ሊነዳ ወርዶ፣ ታሪኩ በአገሬው ቋንቋ የተጻፈበትን መጽሐፍ በሁለት ክብ አይብ ለውጦ ይዞት ወጣ። የመጀመሪያዎቹን አርባ ገጾች አንድ ሙክት በላቸው። ስለዚህ ሮካሜላ ውስጥ ታሪኩ የሚጀምረው ከእሳቱ ነው፤ ከእሳቱ በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም የለም።

ሥዕሉ ደግሞ የሌለበት ቦታ የለም። አባቱን ያዘለው ጀግና በአደባባዩ ምንጭ ላይ በድንጋይ ተቀርጿል፤ አፍንጫው በብርድ ረግፏል። ታች ከተማው የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት በመኪናዎቹ ጎን ላይ ስሎት፣ ከሥሩ "የማይከብደን ሸክም የለም" ብሎ ጽፎበታል። ኬክ ቤቱም በካርቶኑ ላይ አትሞታል፤ አባትየው ጣዖት በመያዝ ፈንታ ኬክ ይዟል። ማንም ነውር ነው አላለም። ኬኩ ጥሩ ነው።

ታሪኩን ሕያው ያደረገው ግን ድንጋዩም ካርቶኑም አይደለም፤ ግጥሙ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ፣ በእመቤታችን በዓል ሰሞን በሚውለው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ገጣሚዎች አደባባዩ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከቄሱ ባርኔጣ ውስጥ ርዕስ ይወጣል፤ አንዱ አንዱን ወገን፣ ሌላው ሌላውን ወገን ይዞ፣ ሳይጽፍ ሳያጠና፣ እዚያው ቆሞ እያዜመ ይገጥማል። አንድ ተራ ስምንት ስንኝ ነው፤ አይበልጥም አያንስም። ተከታዩ ባላጋራው በጨረሰበት ቤት መጀመር አለበት። ዳኛው አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ይቀዳል፤ ተራው የደረሰው ገጣሚ ብርጭቆው እስኪያልቅ አፉን ካልከፈተ ተሸነፈ። ሌላም የድሮ ሕግ ነበር። ገጣሚው ዝም ሲል ቤቱን የያዘ ማንም ሰው ከሕዝቡ መሃል ተነሥቶ መግባት ይችላል። ይህ ሕግ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሠርቶ አያውቅም፤ ሕዝቡ መሃል ገጣሚ የሚባል ዘር አልቆ ነበርና።

ቤራርዶ አባቱን ያዘለውን ጀግና ሲገጥም የአደባባዩ ባልቴቶች ያለቅሳሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልቅሰዋል። ከሮም የመጡ ምሁራን ድምፁን ቀድተው ወስደዋል፤ አንዱ እንዲያውም "ባለቅኔው በእርስዎ አፍ ይናገራል" ብሎት ነበር። ቤራርዶ ለትሕትና ያህል "ምን እኔ ብቻ፣ አባቴም ገጣሚ ነበር" አለ። ትሕትናውን ግን እቤቱ በራፍ ላይ ጥሎት ገባ፤ ያንን ሳምንት ሚስቱ ጨው አቀብለኝ ስትለው እንኳ ከባለቅኔ ነው የምትቀበለው።

ሚስቱ ዶሚቲላ ትባላለች። ቁጥብ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ለቀልድ የማትቸኩል ሴት ነች። አንድ ቀን ድንች እየላጠች ጠየቀችው።

"እኔ የምልህ፣ ያቺ ሴትዮስ?"

"የቷ?"

"ከኋላ የምትከተለዋ። ሚስትየዋ።"

"እሷማ ትጠፋለች።"

"እንዴት ነው ሰው የሚጠፋው? ዞር ብሎ አያይም?"

"እሳት እየነደደ፣ አባቱን አዝሎ፣ ልጁን ይዞ! ምኑን ያየዋል?"

"አንተስ ለምን አትገጥምላትም?"

"ዶሚቲላ፣ ስምንት ስንኝ ነው ያለው" አላት። "ቦታ የለም።"

እሷም ድንቿን ጨረሰች።

እቤት ውስጥ ደግሞ እውነተኛ አባት ነበር። ጀርቫዚዮ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በሦስት አውራጃ የሚፈሩ ገጣሚ ነበሩ፤ ቤራርዶን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደም ግፊት ጣላቸውና ግራ እግራቸው ሞተ፤ አፋቸውም ትንሽ ተጣመመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልገጠሙም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ አልጋ የምታነሣቸው ዶሚቲላ ነበረች። መጀመሪያ ጉልበቷን ታጥፋለች፤ ክንዳቸውን በአንገቷ ዙሪያ ታደርጋለች፤ "አባባ፣ ሦስት ስል" ትላለች፤ ሦስት ትላለች፤ ይነሣሉ። ቤራርዶም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በር ይይዝ ነበር።

ባለፈው ሰኔ የዶሚቲላ ወገብ "ቀጭ" አለ። ሐኪሙ ሁለት ወር ምንም ነገር እንዳታነሣ አዘዘ፤ የወገብ ቀበቶም ሰጣት። ያኔ ቤራርዶ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ከጉልበትህ እጠፍ" አለችው ከአልጋዋ ሆና። "ከወገብህ አትጎንበስ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያዘልኩትን ሰው አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" አላት። ይህን የተናገረው ምንም ሳያፍር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው።

ሁለት ቀን እንደምንም ሞከረ። በሦስተኛው ቀን አባትና ልጅ መታጠቢያው በር ላይ ተያይዘው ወደቁ። ጀርቫዚዮ ወለሉ ላይ እንደተንጋለሉ ጣሪያውን አይተው፣ "ከተማው ሳይቃጠል ልታስጨርሰኝ ነው" አሉ።

በሳምንቱ ታች ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ገቡ። ቤራርዶ ወረቀቱን የፈረመው መቀበያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ብዕሩን ሲያነሣ ቀና ቢል፣ ከጸሐፊዋ ራስ በላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ጀግናው፣ አባቱ፣ እሳቱ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ማን እንደሰቀለው እግዚአብሔር ይወቅ። ቤራርዶ ስሙን ከመስመሩ ውጭ ፈረመ።

እስኪ አሁን እውነቱን እንናገር፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። የተጎዳች ሚስት፣ የከበደ ሽማግሌ፣ ስድሳ አራት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ምን ያድርግ? ሰባት ኮትም ቢሆን፣ ቄሱም ቢሆኑ ያንኑ ያደርጉ ነበር። ቤራርዶ ግን ሰባት ኮት አይደለም፤ አዛዩ ነው። አባቱን አረጋውያን ቤት ያስገባ አዛይ የሚባል ነገር የለም። አደባባዩ ሲስቅበት፣ ያ ስም ተገፍፎ ሌላ ስም ሲወጣለት፣ በዚያም አዲስ ስም ሲቀበር ታየው። ስለዚህ አባቱ ባሕር ዳር ባለችው ፔስካራ እህቱ ዘንድ የባሕር አየር ሊቀበሉ ሄደዋል ብሎ አወራ። ለአባቱም ለራሳቸው ጥቂት ሳምንት ባሕር ዳር ነው የምንወስድህ ብሎ ነው ከቤት ያስወጣቸው። ሽማግሌው በመኪናው መስኮት እያዩ፣ "ባሕሩ ወደዚህ ዞረ እንዴ?" ብለው ጠይቀው ነበር።

የአረጋውያን ቤቱን አንሶላ የምታጥበው የሰባት ኮት የእህት ልጅ ናት። ስለዚህ ሮካሜላ በሁለተኛው ቀን የክፍሉን ቁጥር ሳይቀር አወቀ፤ በሦስተኛው ቀን ጀርቫዚዮ ስለ ሾርባው ጨው ከወጥ ቤቷ ጋር መጣላታቸውን ሰማ። የሮካሜላ ሰው ግን ጨዋ ነው፤ ሰው ሲዋሽ መሃል ገብቶ አያቋርጥም። እንዲያውም ያግዛል።

"ቤራርዶ! አባትህ እንዴት ናቸው?" ይለዋል ሰባት ኮት ከቡና ቤቱ በራፍ።

"ደህና ናቸው። ባሕሩ ተስማምቷቸዋል።"

"ባሕሩስ እንዴት ነው?"

"ረጋ ብሏል።"

"በሐምሌ መቼም ይረጋል። ዓሣውስ?"

"ሞልቷል።"

"እንዲያ ነው! ሰላም በልልን። ዋና እንዳያበዙ!"

ሰባት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ቤራርዶ ስለ ባሕር ብዙ ነገር ፈጠረ፤ ባሕሩን ግን በዕድሜው ያየው ሁለቴ ብቻ ነው።

በዓሉ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣ። የዕጣው ነገር ነው ያስጨነቀው። ዳኛው ዶቶሬ ፓንፊሎ፣ ዶክተር ለማለት ነው፣ የመንደሩ ፋርማሲ ባለቤት ናቸው፤ የርዕሶቹን ወረቀት የሚያጥፉትም የሚያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ማልቀስ ስለሚወድ፣ የአዛዩን ርዕስ ሦስት ጊዜ አጥፈው ባርኔጣው ውስጥ ይጨምሩታል፤ ጣታቸው ደግሞ ሦስት ጊዜ የታጠፈውን ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ቤራርዶ ቅዳሜ ጠዋት ፋርማሲው ገባ።

"ዶቶሬ፣ ዘንድሮ ዕጣው በእውነት ይውጣ።"

"በእውነት ማለት?"

"ማለቴ፣ ውሃና ወይን ይሁን፣ አማትና ምራት ይሁን፣ የወጣው ይውጣ። የኔን ተዉት።"

ዶቶሬ ፓንፊሎ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ቤራርዶ" አሉት፣ "ሰው እንዲህ ትሑት ሲሆን እወዳለሁ።" ቤራርዶ ሲወጣም ወረቀቱን አራት ጊዜ አጠፉት።

እሑድ በአሥራ አንድ ሰዓት አደባባዩ ሞላ። ዶሚቲላ የወገብ ቀበቶዋን ከቀሚሷ ሥር አስራ፣ ከሴቶቹ ጋር ከኋለኛው ረድፍ ተቀመጠች። የቤራርዶ ባላጋራ ኡልዴሪኮ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ወይፈን አኮላሽ፣ ምላሱ እንደ ሥራው የሆነ ሰው። ሁለቱ ለአርባ ዓመት ይተዋወቃሉ፣ ይዋደዳሉ፣ በግጥም ግን ምሕረት አያውቁም። ቤራርዶ ሸሚዙን እያስተካከለ ሳለ አንዲት ነጭ የጭነት መኪና የምታክል አምቡላንስ መሳይ መኪና አደባባዩ ዳር ቆመች። ሲስተር ኢማኮላታ ወረደች። የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ መነኩሲት ናት፤ ፈገግታዋ ሰፊ፣ ልቧ ቅን፣ ሐሳቧ ደግሞ አንዳንዴ ከሰይጣን የከፋ።

"አቶ ቤራርዶ!" ብላ ከሩቅ ጮኸች። "ለእርስዎ ስጦታ ይዤ መጣሁ! የአባት ፍቅር የሚገጥም ልጅ አባቱ ሳይሰሙት?"

ከኋላዋ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ጀርቫዚዮ ነበሩ። ጸጉራቸው ተበጥሯል፤ ክራባት ታስሮላቸዋል። ከፊት ረድፍ፣ ልክ ከልጃቸው ትይዩ አቆመቻቸው። ከዚያ ሰባት ኮት ከመሃል፣

"አባባ! ከባሕር መቼ ተመለሱ?" አለ።

"ዛሬ" አሉ ጀርቫዚዮ። "ማዕበል ተነሣ።"

ማንም አልሳቀም። ቤራርዶ ቢስቁ ይሻለው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ፤ መሬቷ ግን ራሱ የጠረባት ድንጋይ ንጣፍ ነበረችና አልተከፈተችም።

ዶቶሬ ፓንፊሎ ባርኔጣው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፤ ጊዜ ወስደው ፈለጉ፤ አንዲት እንደ ኪኒን ያነሰች ወረቀት አወጡ። ለመፍታት ደቂቃ ፈጀባቸው። "ርዕሱ" አሉ በደስታ፣ "ያዘለው ልጅና የታዘለው አባት! ቤራርዶ ልጁን፣ ኡልዴሪኮ አባቱን።"

ቤራርዶ አባቱን አላየም። ምንጩ ላይ ያለውን አፍንጫ የለሽ ጀግና እያየ ጀመረ። ጅማሬው ከሠላሳ ዓመት ልማድ የመጣ ስለሆነ ድምፁ አልከዳውም።

ሌላው ወርቁን ሲያሸሽ፣ ሌላው ሲል ላሜን፣
እኔ ግን ተሸከምኩ አሮጌ አባቴን፣
እሳቱ ከኋላ ሲልሰኝ እግሬን፣
በጀርባዬ አዝዬ አወጣሁ ዘሬን።

እንዲህ እያለ ስምንቱን ጨረሰ፤ መጨረሻውም በዚያው ቤት ነበር። ባልቴቶቹ መሐረብ አወጡ፤ ግን መሐረቡ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ዓይናቸው ሁሉ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነው። ኡልዴሪኮ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊያዝንለት አስቦ ነበር ይላሉ። ገጣሚ ግን ቤቱ ሲመታለት አያዝንም።

ልጄ ሆይ ቀስ በል፣ አናግረኝ እኔን፣
ዳገት ቁልቁለቱ አሳጣኝ ቤቴን፤

ብሎ ጀመረ፤ በመሃሉም ስለ ሾርባና ስለ ጨው አንዳንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ከዚያ እንዲህ ብሎ ዘጋው።

ባሕር ነው ስትለኝ ጓጉቼ ነበር፣
የመጣሁበት ግን አይሸትም ባሕር።

አሁን አደባባዩ ሳቀ። ትንሽ፣ የታፈነ ሳቅ ነበር። ቤራርዶ ግን ልክ ሲፈራው የኖረው ሳቅ ሆነበት። ዶቶሬ ፓንፊሎ ብርጭቆውን ቀዱ። ቀላል ቤት ነው፤ ወንበር አለ፣ አገር አለ፣ ፍቅር አለ፣ ሺህ ቃል አለ። ቤራርዶ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ዶቶሬው እንደ ወፍ ነበር የሚጠጡት፤ ከንፈራቸውን አስነክተው ያስቀምጣሉ፣ እንደገና ያነሣሉ። ግማሽ ደረሰ። ሩብ ቀረ። ቤራርዶ በዚያች ሰዓት ቀና ብሎ አባቱን አየ፤ ይቅር በለኝ ሊል ፈለገ፤ ይቅር በለኝ ግን ቤት አልመታለትም።

ያኔ ከተሽከርካሪው ወንበር ድምፅ ተነሣ። ሻካራ፣ ከተጣመመ አፍ የሚወጣ፣ ግን ልኩን የማይስት ድምፅ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ነበርና መጀመሪያ የማን እንደሆነ ያወቁት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው።

ኡልዴሪኮ ይብቃህ፣ ስለ እኔ አትመስክር፣
የታዘለው አለ፣ ራሱ ይናገር።
እውነት ነው ታዝያለሁ ከአልጋ እስከ ወንበር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በዝናም በሐሩር፤
ልጄ አደባባይ ላይ ስለ እኔ ሲዘምር፣
ያዘለኝ ጀርባ ግን የሱ አልነበር።
የአዛዩ ዝና አገር ሲሞላ፣
ወገቧ ተሰብሮ ቀረች ከኋላ።

ጭብጨባ አልነበረም። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ዞረ፤ የፊተኛው ረድፍ፣ የመሃሉ ረድፍ፣ ወንዶቹ፣ ባልቴቶቹ፣ ሁሉም ወደ ኋለኛው ረድፍ ዞረው ዶሚቲላን አዩ። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ፊቷ ቀላ፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ከዚያ ሳይታሰብ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ቤራርዶም ዞሮ አያት። ሰባት ሳምንት ሙሉ የፈራው ሌላ ነገር ነበር። አባቱን አረጋውያን ቤት ማስገባቱ እንዳይታወቅበት ሲሸሽግ፣ ያ ለካ የታወቀና ይቅር የተባለ ነገር ነው። ያልሸሸገው፣ ለመሸሸግ እንኳ ያላሰበው ነገር ነው የወጣበት። እሱ ራሱ ዛሬ ነው የሰማው።

ዶቶሬ ፓንፊሎ ግራ ገብቷቸው እንደገና ቀዱ፤ ሽማግሌው የአባቱን ወገን ከኡልዴሪኮ ስለወሰዱ፣ የሕጉ ነገር ነውና ተራው ዞሮ የቤራርዶ ነበር። በ"ላ" መግጠም የማይችል ልጅ ሮካሜላ ውስጥ አልተወለደም። ቤራርዶ ግን ዝም አለ። በዚህኛው ዝምታ አልተጨነቀም፤ የሚለው ስላልነበረ ነው ዝም ያለው። ብርጭቆው አለቀ።

ሽልማቱ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ድፍን የበግ አይብ ነው። ዶቶሬው ጀርቫዚዮ ጭን ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሉ።

"ለዶሚቲላ ስጧት።"

ዶሚቲላ እንባዋን ጠርጋ መጣች። አይቡን አየችው፤ ባሏን አየችው፤ ከዚያ አይቡን አልተቀበለችም።

"አባባ፣ እኔ የመሸከም ድርሻዬን ጨርሻለሁ" አለች። "እርስዎ ይያዙት። እርስዎን ደግሞ እሱ ይያዝዎ።"

ነገሩ ቀልድ መስሎ ነበር፤ ግን አልነበረም። በአሥራ ሁለት ሰዓት የእመቤታችን ሥዕል ስለሚዞር ላይኛው መንገድ ተዘግቷል፤ መኪናዋም ወደ ታችኛው በር ተወስዳለች። ወደ ታችኛው በር የሚወስደው ደረጃ ነው፤ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ፤ ተሽከርካሪ ወንበር አያስወርድም። ሲስተር ኢማኮላታ የመድኃኒት ሰዓት እንዳያልፍ ሰዓቷን ታያለች። አራት ጎረምሶች እኛ ከነወንበሩ እናወርዳቸዋለን ብለው ቀረቡ።

"አያስፈልግም" አሉ ጀርቫዚዮ። "እኔ አዛይ አለኝ።"

ቤራርዶ ጀርባውን ሰጣቸው። ሁለት ሰዎች ደግፈው አሳዘሉት። አባቱ በአንድ ክንዳቸው አንገቱን አነቁት፤ በሌላው አይቡን አቀፉ። አንድ ሰው ፎቶ አነሣ፤ ሌላው ወደ ምንጩ እያሳየ ሳቀ። ቤራርዶ ይህን ሁሉ አልሰማም። ሽማግሌው ከባድ ነበሩ። እውነተኛ አባት እንዲህ እንደሚከብድ፣ እንደሚያልበው፣ ትንፋሹ ጆሮ እንደሚያቃጥል፣ የሞተው እግሩ እንደሚወዛወዝ በየትኛውም ስንኝ ውስጥ አልነበረም።

በአሥረኛው ደረጃ ላይ "አባዬ፣ እቤት ልመልስህ?" አለ እያለከለከ። "ወደ ቤት እንሂድ።"

"ማን ሊያነሣኝ? አንተ?" አሉት። "ወደ መኪናው ውሰደኝ። እዚያ ሁለት ሆነው ነው የሚያነሡኝ፤ ደግሞ አይዘፍኑም።"

በሃያኛው ደረጃ ላይ ቤራርዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"ይቅር በለኝ" አለ። በጭራሽ ቤት አልመታም።

"ሸሚዝህ ረጥቧል" አሉት አባቱ። ቆይተውም፣ "አይቡ እንዳይወድቅ ቀና በል" አሉት።

በሠላሳኛው ደረጃ ላይ እንደገና ቆመ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለው።

"አባዬ፣ ዶሚቲላ ከኋላችን ናት?"

"እኔ ማየት አልችልም፤ አንገቴ አይዞርም። ዞር በልና ራስህ እያት። ያኛው ሳይዞር ነው ያጣት።"

ቤራርዶ አባቱንም አይቡንም ይዞ፣ በግድግዳው እየተደገፈ፣ ቀስ ብሎ ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ደረጃው ባዶ ነው። ሽቅብ ቢያይ፣ ከደረጃው አናት፣ በዳኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ አያት። ጫማዋን አውልቃለች። ከሴቶቹ አንዷ የዶቶሬውን ብርጭቆ ሞልታ ሰጥታታለች። እሷም አየችው፤ እንዴት እንደጎበጠ፣ እግሮቹ እንዴት ቀጥ ብለው እንደተገተሩ አየች። ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የሠራችበትን ሥራ በምታውቅ ሴት ድምፅ ጮኸች።

"ከጉልበትህ! ቤራርዶ፣ ከጉልበትህ እጠፍ! ከወገብህ አትጎንበስ!"

ቤራርዶ እንዳለችው ጉልበቱን አጠፈ። አባቱ ቀለሉት። ሰማንያ ሁለት ደረጃ ቀርቶት ነበር።